በቂርቆስ ዕለት የሰማሁት ሞተር

ወንድሜ ደሳለኝ የደወለልኝ ሐምሌ አሥራ ሰባት ቀን ረፋዱ ላይ ነው፣ ካዛንቺስ ቢሮዬ ውስጥ የሠራተኞችን ማኅደር ወደየመደርደሪያው እየመለስኩ ነበር፣ «እማን ደረቷን አፍኗታል፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሁለት ሌሊት ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነው ያነጋችው» አለኝ፣ በስልኩ ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማ ነበር።

አገሬ ጎፋ ነው። እዚህ ላሉ ሰዎች ጎፋ ስላቸው ጎፋ ሰፈር ይመስላቸዋል፣ በየትኛው ታክሲ ነው የምትሄጂው ይሉኛል፣ የእኔ ጎፋ ግን ሁለት ቀን ያስኬዳል፣ ሳውላ ከተማ ድረስ አውቶቡስ አለ፣ ከዚያ ወደ ቡልቂ ዳገቱ ይጀምራል፣ የእናቴ ቤት ደግሞ ከቡልቂም በላይ ነው። በክረምት ያ መንገድ መንገድ አይባልም። የጤና ጣቢያው ሰው ሆስፒታል ትውረድ ብሏል፣ አምቡላንሱ በጭቃው አልወጣም ብሎ ሳውላ ቆሟል፣ የሳውላ ባለመኪናዎችም አንሞክረውም ብለዋል፣ በቃሬዛ እንዳትወርድ ስትጋደም ትታፈናለች። ደሳለኝ ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ «እዚያ ጠንካራ መኪና ያለው ሰው አታውቂም?» አለኝ።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም። በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ በመላእክቱና በቅዱሳኑ አማላጅነት አምናለሁ፣ ጾም ከጀመርኩ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ሽሬ አላውቅም፣ ነገር ግን የቢሮ ልጆች ምሳ ላይ «እገሌ የሞተ አጎቱን ታክሲ ውስጥ አየው» እያሉ ሲጀምሩ ሳህኔን ይዤ ቦታ የምቀይር ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ስለምፈራ አይደለም፣ ስለሚሰለቸኝ ነው። የንስሐ አባቴም «ምልክት የሚፈልግ ሰው ምልክት አያጣም፣ ከማን እንደመጣለት ግን አያውቅም» ይሉኝ ነበር፣ እኔም ይህን ቃል እንደ ክታብ ይዤው እኖር ነበር። ደግሞ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ሲያወሩ ሁልጊዜ በሌሊት ነው የሚሆነው፣ የእኔ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው በሞላበት ግቢ ውስጥ የሆነ ነው።

ያን ጊዜ የምኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ጋሽ መኮንን ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ጋሽ መኮንን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት የመስክ ሹፌር ሆነው አገሩን ሁሉ የዞሩ ሰው ናቸው፣ ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ያስወገዳትን አሮጌ ባለ ናፍጣ የመስክ መኪና ገዝተው ግቢው ውስጥ አቆሟት፣ ግራጫ ናት፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ በየእሑዱ ኮፈኗን ከፍተው የሆነ ነገር ይነካካሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ «ጣውንቴ» ነው የሚሏት፣ «ጣውንቴ ዛሬ ዘይት ጠጣች ወይ?» ብለው ከማድ ቤት ሲጠይቁ ግቢው ሁሉ ይስቃል።

ያን ቀን ከቢሮ አስፈቅጄ ወጣሁና በእግሬ ወረድኩ፣ ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም፣ ስታዲየምን አልፌ ቂርቆስ እስክደርስ ዝናቡ አበስብሶኛል፣ በሩን ስከፍት ጋሽ መኮንን በረንዳቸው ላይ ነበሩ።

«ጽጌ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ቡልቂ? ከሳውላ በላይ ያለችውን? ያንን ዳገት በክረምት አራት ጊዜ ወጥቼዋለሁ» አሉ፣ «ሦስቱን በመኪና፣ አንዱን መኪናውን እየገፋሁ።»

እትዬ አስካለ ከኋላቸው መጡና «በምን ልትወስዳት ነው? ጣውንቴ ከጥር ጀምሮ ታማ ተኝታ የለ እንዴ?» አሉ።

«ትድናለቻ» አሉ ጋሽ መኮንን፣ ስልካቸውንም አውጥተው ጋሽ ሸምሱ ጋ ደወሉ።

ጋሽ ሸምሱ መካኒክ ናቸው፣ ካዛንቺስ የነበረ ጋራዣቸው ሰፈሩ ሲነሣ አብሮ ተነሥቷል፣ ከዚያ ወዲህ ዕቃቸውን በአንድ ትልቅ ቦርሳ ይዘው በሰው ግቢ እየዞሩ ይሠራሉ፣ ከጋሽ መኮንን ጋር የድሮ ወዳጆች ናቸው፣ ሲገናኙ የሚጀምሩት በስድብ ነው። በማግስቱ፣ ማለቴ በአሥራ ስምንት፣ ገና ሳይነጋ መጡ። ጋሽ መኮንን አስፋልቱን አልፈው ሊቀበሏቸው ሲሄዱ ጋሽ ሸምሱ «አንተ ሽማግሌ፣ ይቺን መኪና ከነነፍሷ ሙዚየም አስገባት ብዬህ አልነበረም?» ሲሏቸው እስከ እኔ ክፍል ይሰማል።

ከመፍታታቸው በፊት ሞተሩን አንዴ አስነሱት። ጋሽ ሸምሱ ረጅም ካቻቢቴ አወጡ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ፣ ካቻቢቴውን እያነሱ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ያዞሩታል፣ ልክ ሐኪም የሕፃን ጀርባ እንደሚያዳምጥ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳይ ጊዜ ጠሩኝ።

«ነይ ስሚ። ሐኪሞቹ ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፣ የእኛ ይኸው ነው።»

እጀታውን ጆሮዬ ላይ ያዝኩት። ይገርማችኋል፣ ከውጭ አንድ ጫጫታ የነበረው ሞተር በብረቱ ውስጥ አልፎ ሲመጣ ለየብቻው ይሰማል፣ አራት ቦታ ነው የሚተነፍሰው፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የሆነ ማፏጨት አለው።

«ሰማሽ? ሦስተኛዋ ትንፋሽ አጥሯታል፣ ውሃ ሰርጎባታል» አሉኝ።

«ትድናለች?»

«ብረት እኮ ነው ጽጌ፣ ብረት ሁልጊዜ ይድናል።» ያሉትን ሲሰሙት ለራሳቸውም ደስ አላላቸውም መሰለኝ፣ ቶሎ ብለው «እናትሽም ኢንሻአላህ» አሉ።

ቴስታታ የሚሉትን የሞተሩን ከባድ ክዳን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ፈትተው አወረዱት፣ በሥሩ ያለችው ስስ መጋጠሚያ ተቃጥላ ኖሯል ውሃው ወደ ውስጥ የሚገባው። ክዳኑን ለሁለት ተሸክመው በታክሲ ጭነው ወስደው ፊቱ እንዲስተካከል አስላጡት፣ አዲስ መጋጠሚያም ገዝተው ሲመለሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ወርዷል። ጋሽ ሸምሱ የተከፈቱትን አራቱን ጉድጓዶች ውሃ እንዳይገባ በጨርቅ ወተፏቸው፣ ሸራ ከላይ አለበሱ፣ ባትሪውን ጋሽ መኮንን ለማስሞላት ወደ ሳሎን አስገቡት፣ ክዳኑ በረንዳው ላይ በጆንያ ተሸፍኖ አደረ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ወድጄ አይደለም፣ በኋላ ስለሚያስፈልጋችሁ ነው። እኔማ አላውቅም፣ እሳቸው ናቸው ያስረዱኝ፣ የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በብልጭታ አይነሣም፣ አየሩን አምቆ ጨምቆ በሙቀቱ ነው የሚነሣው፣ «ክዳኑ ከሌለ ምን ላይ ይጨምቃል? ያለ ክዳን ድስት አይፈላም» አሉኝ።

እጃቸውን እየታጠቡ «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት እጀምራለሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ትነሣላችሁ፣ ነገ ማታ ሶዶ አድራችሁ ከነገ ወዲያ እናትሽ ጋ ናችሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ፣ «ነገ እኮ ቂርቆስ ነው» አልኩ።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ በእኛ ሰፈር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፣ የዓመቱ ትልቁ ቀን ነው፣ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከሚፈላው የውሃ ጋን በመልአኩ ገብርኤል የዳኑበት ነው፣ ታቦቱ ይወጣል፣ በየግቢው ዝክር አለ፣ እኔም አዲስ አበባ ከመጣሁ ጀምሮ በዚያ ዕለት መርፌ እንኳ አንሥቼ አላውቅም። ጋሽ መኮንን ራሳቸው በዓሉን የሚያከብሩ ሰው ናቸው፣ የዝክሩም ባለቤቶች እነሱ ናቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ ጋሽ መኮንን፣ «ግን እናት ናት ጽጌ።»

«እናቴ ስለሆነችማ ነው» አልኩ፣ «በሱ ቀን ብረት አስቀጥቅጬ ልሂድና መንገድ ላይ አንድ ነገር ብንሆን፣ ወይ እሷ ላይ ቢደርስ፣ በማን አመካኛለሁ? አንድ ቀን ነው። እሱ ይጠብቃታል።»

ጋሽ ሸምሱ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና «እኔ በዓሉ የለብኝም» አሉ፣ «አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፣ መኮንንም ዝክሩን ይብላ፣ እኔ ብቻዬን ልሥራው። አላየሁም በይ።»

«ጋሽ ሸምሱ፣ ለእኔ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ብረቱን ማንም ይምታው እኔው ነኝ የመታሁት።»

አዩኝ። እትዬ አስካለ «ልጅቱ ለነፍሷ ነው፣ ተዋት» አሉ። ጋሽ ሸምሱም «እሺ፣ ከነገ ወዲያ» ብለው ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። ደሳለኝ ጋ ደውዬ በአንድ ቀን እንደምንዘገይ ስነግረው «ለምን?» አላለኝም፣ «እሺ እህቴ» ብቻ አለኝ፣ ያ እሺታው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በማግስቱ ቅዳሴ ገባሁ፣ ታቦቱ ሲዞር በሕዝቡ መካከል ተገፋፍቼ አለቀስኩ፣ ስለ እናቴ የቻልኩትን ያህል ለመንኩ፣ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ተመለስኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዝክሩ በጋሽ መኮንን ሳሎን ውስጥ ነው፣ አሥራ አምስት ሰው ቢሆን ነው፣ ቄሱ ባርከው ወጥተዋል፣ የሰው ጨዋታ ይሰማል፣ ግቢው ውስጥ ግን ማንም የለም።

ክፍሌ ገብቼ የበሰበሰ ጫማዬን ቀይሬ ስወጣ መጀመሪያ የሰማሁት የጣሳ ድምፅ ነው። ጋሽ ሸምሱ የፈቷቸውን ብሎኖች በባዶ የወተት ጣሳ ሰብስበው ከጎማው በላይ ባለው ቆርቆሮ ላይ ነበር ያስቀመጧቸው፣ እነሱ ቅጭል ቅጭል ይላሉ፣ ቀስ ብለው፣ ከባድ መኪና በመንገድ ሲያልፍ ብርጭቆ እንደሚንቀጠቀጠው። መንገዱን አየሁ፣ የሚያልፍ የለም። ቀጥሎ ዓይኔ ሸራው ላይ ያቆረው የዝናብ ውሃ ላይ ዐረፈ፣ ዝናብ የለም ብያችኋለሁ፣ ውሃው ግን ክብ ክብ እየሠራ ከመሐል ወደ ዳር ይሄዳል፣ ቆም ብዬ ቆጠርኩት፣ አንድ ልክ አለው፣ አይፈጥንም አይዘገይም። ከዚያ የናፍጣ ጭስ ሸተተኝ። ከዚያ በኋላ ነው ድምፁን የሰማሁት፣ ወይም ቀድሞም ነበረና ያኔ ነው ድምፅ መሆኑን የተረዳሁት፣ ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ፣ ዝቅ ያለ፣ ብዙ መንገድ የሄደ መኪና ቆሞ ሰው ሲጠብቅ የሚያሰማው ዓይነት።

ባትሪው ሳሎን ነው። ክዳኑ በረንዳው ላይ በጆንያ እንደተሸፈነ አየዋለሁ። አልሸሸሁም፣ ለምን እንዳልሸሸሁ አላውቅም፣ ቀርቤ የሸራውን ጠርዝ ገለጥ አደረግኩ፣ ጨርቆቹ በየጉድጓዳቸው እንደተወተፉ ናቸው፣ የሚንቀሳቀስ አንድም ነገር የለም፣ እጄን ብረቱ ላይ ሳሳርፈው ግን ለብ ያለ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ያደረ ብረት።

ጋሽ ሸምሱ ትተውት የሄዱት ካቻቢቴ እዚያው ነበር። አነሣሁት፣ ትናንት እንዳስተማሩኝ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

ሞተር አልሰማሁም። ትንፋሽ ነው የሰማሁት። አንድ ትንፋሽ፣ አራት አይደለም፣ በብዙ ድካም የሚሳብ፣ ሲወጣ መጨረሻው ላይ ቀጭን ፉጨት ያለው፣ ከዚያ ያርፍና እንደገና ይጀምራል። የእናቴን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፣ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ከጎኗ ነው የተኛሁት፣ በብርድ ወራት ደረቷ ሲዘጋ ያ ፉጨት ነበር የሚያስተኛኝ፣ ሲቆም ነበር የምነቃው።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አላውቅም። እኔ ግን ያደረግኩትን ልናዘዝላችሁ። ፈተና ነው አልኩ። በዓሉን እንዳፈርስ፣ ሮጬ ጋሽ ሸምሱን እንድጠራ፣ በቂርቆስ ቀን ብረት እንዳስመታ ጠላት በእናቴ ትንፋሽ መጣብኝ አልኩ፣ የንስሐ አባቴ ቃል ትዝ አለኝ፣ ከማን እንደመጣ አታውቂም የሚለው። ካቻቢቴውን ከጆሮዬ ነጠልኩት፣ አማተብኩ፣ ጸበሉን ከፍቼ ሞተሩ ላይ፣ ሸራው ላይ፣ ጣሳው ላይ ሳይቀር ረጨሁት።

ድምፁ ቆመ። ጣሳውም ዝም አለ። ውሃው ረጋ። እኔም ድል እንዳደረገ ሰው አመሰገንኩ፣ ቀኑ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ ከመምሸቱ በፊት ሦስት ሰዓት ሙሉ የሥራ ብርሃን ነበረ፣ ያንን አላሰብኩትም፣ ወደ ዝክሩ ገባሁ።

ሳሎን ስገባ ሰዉ ይጫወታል። ጋሽ መኮንን ብቻ መስኮቱ ጥግ ተቀምጠው፣ ጠላ የያዘ ብርጭቆ በእጃቸው እንዳለ፣ አንገታቸውን ወደ ውጭ ዘንበል አድርገው ነበር። እኔን ሲያዩ «ሸምሱ መጣ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አልመጡም» አልኳቸው።

«እ» አሉና ብርጭቆውን ሳይጠጡ አስቀመጡት። ዳቦ ተቆረሰልኝ፣ በላሁ።

በሃያ ጠዋት ጋሽ ሸምሱ መጥተው ሸራውን ሲገልጡ ቆሜ እያየሁ ነው፣ እጃቸው መሐል ላይ ቀረ።

«ማነው የነካካው?»

«ማንም» አሉ ጋሽ መኮንን።

«እንዴት ማንም? ጨርቁን እኔ ነኝ ጠቅጥቄ የወተፍኩት፣ ሁለቱ ወደ ውጭ ተገፍተዋል። ደግሞ እይ፣ አንደኛውና አራተኛው ፒስተን ነበሩ ወደ ላይ የወጡት፣ እንዳልረሳው ብዬ ነው ያየኋቸው፣ አሁን ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ሞተሩ ግማሽ ዙር ዞሯል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ በዓል ነው ያልሽ ልጅ፣ ሌሊት ተነሥተሽ ልትጨርሽው ነበር እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ ስላልሳቅኩ እሳቸውም ተዉት።

እኔ ጥዬው ስገባ ጨርቆቹ እንደተወተፉ እንደነበሩ ልብ በሉልኝ። በዓይኔ አይቻለሁ።

ገጥመው ጨረሱ፣ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ፣ ሦስተኛዋም አታፏጭም። ሰባት ሰዓት ላይ ከጋሽ መኮንን ጋር ወጣን፣ በቡታጅራ በሆሳዕና አድርገን ሶዶ አደርን፣ በሃያ አንድ ቀትር ላይ ሳውላን አልፈን ዳገቱን ጀመርን። መኪናዋ አንድ ቦታ እንኳ አልተያዘችም፣ ጋሽ መኮንን «ይቺ ልጅ መንገዱን ታውቀዋለች» ይሉ ነበር። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ደሳለኝ ዝናብ እየመታው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መኪናውን ሲያይ አልተነሣም። ያኔ ገባኝ።

ትናንት ማታ ነው ያረፈችው፣ በሃያ። እኛ ሶዶ እራት ስንበላ።

ከቀብር በኋላ ደሳለኝ አንድ ነገር ነገረኝ፣ ባይነግረኝ ይሻለው ነበር፣ ግን እሱ የነገረኝ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። በበዓሉ ዕለት፣ በአሥራ ዘጠኝ፣ ከሰዓት በኋላ እናታችን ድንገት ቀና ብላ «መኪናው መጣ» አለች። ምንም የሚሰማ ነገር አልነበረም። «ሞተሩ ይሰማኛል፣ ጽጌ ናት፣ ውጡና ከመንገዱ ላይ ድንጋይ አንሡላት» አለች፣ ደስታዋን አይቶ ጎረቤቱ ሁሉ እስከ መታጠፊያው ወረደ፣ ድንጋይም አነሡ፣ ከዚያ ጥቂት ቆይታ ፊቷ ተለወጠ አለኝ።

«ምነው ቆመ?» አለች። ደጋግማ ጠየቀቻቸው። «ደርሶ ነበር እኮ፣ ማን አቆመው?»

ደሳለኝን በስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠየቅኩት፣ «በሬ ከመፈታቱ በፊት» አለኝ፣ ሌላ ሰዓት የለውም፣ እዚያ ሰዓት የሚያይ ሰው የለም። ዘጠኝ ሊሆን ይችላል፣ አሥር ተኩልም ሊሆን ይችላል። እኔ የረጨሁትን ለማንም አልነገርኩትም፣ ለእሱም ጭምር፣ እስከ ዛሬ።

ለንስሐ አባቴ ግን ነገርኳቸው። በበዓል ቀን ጉድጓድ የገባ በሬ ቢሆን እንኳ ይወጣ እንደነበር፣ የታመመች እናትን ለማድረስ ብረት መምታት በዓል መሻር እንዳልሆነ በቀስታ ነገሩኝ፣ «ለምን ቀድመሽ አልጠየቅሽኝም?» አሉኝ። ያን ሁሉ ዘመን ስጠነቀቅ ኖሬ ትልቁን ነገር ሳልጠይቅ ወሰንኩት። ስለ ድምፁ ግን ምንም አላሉኝም፣ «እሱን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ አትከተዪው» ብቻ። እኔም ልታዘዝ ሞክሬአለሁ፣ እመኑኝ፣ አልሆነልኝም። ስለ ቂርቆስና ስለ ኢየሉጣ ሲነበብ፣ እናት የሚፈላውን ጋን ፈርታ ልትመለስ ስትል ሕፃኑ ያበረታታት ነበር የሚለው ጋ ሲደርስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ደጀ ሰላሙ ላይ እቀመጣለሁ።

ጋሽ መኮንንን አንድ ቀን ጠይቄአቸው ነበር፣ ያን ዕለት ለምን ሸምሱ መጣ ወይ እንዳሉኝ። «እንደዛ ብያለሁ?» አሉ፣ «ስለ ማግስቱ እያሰብኩ ይሆናል።» መኪናዋን ግን ከዚያ ጉዞ በኋላ በየእሑዱ መነካካት ተዉ። ግቢው ፈርሷል፣ ሁላችንም በየአቅጣጫው ተበታትነናል፣ ጋሽ መኮንንም ባለፈው ዓመት ዐረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ጋሽ ሸምሱ አሉ፣ በስልክ እንገናኛለን፣ በጠየቅኳቸው ቁጥር «ግማሽ ዙር በትልቅ የብሎን መፍቻ ኪያቤ የአንድ ሰው ጉልበት ነው፣ ሰው ነው ያዞረው፣ ሰው ካልሆነ እኔ አላውቅም» ይሉኛል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእናንተ ነው፣ በዚያ ዓመት በሐምሌ ቂርቆስ በጋሽ መኮንን ሳሎን ዝክር ለነበራችሁት። ፊታችሁን አስታውሳለሁ፣ የሁላችሁንም ስም ግን አላውቅም። ከእናንተ መካከል ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወጣ ብሎ ሸራውን የገለጠ፣ ሞተር የሚወድ፣ እስቲ ልሞክረው ብሎ ያዞረ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ አልቀየመውም፣ እንዲያውም እመርቀዋለሁ። ሰው ከሆነ እኔ የሰማሁት የተጨነቀች ልጅ ጆሮ ያመጣው ነው፣ እናቴን ያዘገየኋት በገዛ ውሳኔዬ ብቻ ነው፣ ይህን መሸከም እችላለሁ፣ ንስሐ አለው። ሰው ካልሆነ ግን ጸበል የረጨሁት በምን ላይ እንደነበር ማወቅ አለብኝ። መስኮቱ ጥግ ከጋሽ መኮንን አጠገብ የተቀመጣችሁት ደግሞ፣ ብርጭቆ ይዘው ወደ ውጭ ሲያዳምጡ ምን አሏችሁ? እናንተስ ምን ሰማችሁ?

ቀላልም ይሁን ከባድ፣ እንዳለ ንገሩኝ፣ እንዳላዝን ብላችሁ ብቻ አትዋሹኝ።